ሁለተኛ ፕሮሰሰር በኤችፒ ዜድ820 ላይ፦ ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ያዋጣል?

ኤችፒ ዜድ820 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ወርክስቴሽን፣ ማለትም ለከባድ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር፣ ነው። ዛሬ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ በቀላሉ ይገኛል። ማዘርቦርዱ ሁለት የፕሮሰሰር ሶኬት አለው፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የወጡት ብዙዎቹ ግን አንዱ ሶኬት ብቻ ተሞልቶ ሌላው በፕላስቲክ ክዳን እንደተሸፈነ የቀሩ ናቸው። ያንን ባዶ ሶኬት መሙላት ኮድ ለሚያጠናቅር፣ በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) ለሚሠራ ወይም ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ የሚሮጥ ሌላ ኮምፒውተር) ለሚያስነሳ ሰው በዚህ ማሽን ላይ ሊያደርግ ከሚችለው ማሻሻያ ሁሉ የተሻለው ነው። ድረ ገጽ ለሚያስስና ሰነድ ለሚጽፍ ሰው ግን ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው በቀር የሚቀየርለት ነገር የለም።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፕሮሰሰሩን ዋጋ ነው። እንደ ኢ5-2670 ያለው ባለ 8 ኮር ዚዮን (የኢንቴል የሰርቨርና የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር) በጊዜው የዳታ ሴንተር ዕቃ ነበር፤ አሁን ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ድርሻ የእሱ ነው። ገንዘቡን የሚበሉት ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ብረት) እና ራሙ ናቸው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ርካሽ ሆኖ ስላገኛችሁት ብቻ አትግዙ፤ የሦስቱንም ዋጋ ደምሩና ወስኑ።

የትኛው ፕሮሰሰር?

በኢንቴል ኢ5 ስያሜ ውስጥ ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ስንት ሆነው መሥራት እንደሚችሉ ይናገራል። ኢ5-1620፣ ኢ5-1650፣ ኢ5-1660 በ1 ስለሚጀምሩ ብቸኛ ናቸው፤ ሁለቱን ፕሮሰሰሮች የሚያገናኘው ኪውፒአይ የተባለው መስመር በእነሱ ላይ አይሠራም። ሶኬቱ ውስጥ በትክክል ይገባሉ፣ ሁለት ሆነው ግን አይነሱም። ማሽናችሁ ላይ አሁን ያለው ከነዚህ አንዱ ከሆነ አንድ ሳይሆን በኢ5-26 የሚጀምሩ ሁለት መግዛት ይኖርባችኋል።

ሁለተኛው ወጥመድ 2011 የሚለው ቁጥር ነው። የዜድ820 ሶኬት ኤልጂኤ2011 ይባላል፤ ቪ3 እና ቪ4 የሚል ቅጥያ ያላቸው ዚዮኖች የሚገቡበትም ሶኬት 2011 ፒን ያለው ነው፤ ነገር ግን የኋለኛው 2011-3 የሚባል ሌላ ሶኬት ነው፣ ራሙም ዲዲአር4 ነው። ለዜድ820 የሚሆነው ቅጥያ የሌለው ወይም ቪ2 የሚል ብቻ ነው።

ቪ2 ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ የቡት ብሎኩን ቀን ሳያይ አንድ ብር አያውጣ፤ ቡት ብሎክ የሚባለው ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ሶፍትዌር) ውስጥ መጀመሪያ የሚሮጠው ክፍል ነው። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ10 ተጭናችሁ ፋይል ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የሲስተም መረጃን ክፈቱ። የቡት ብሎኩ ቀን እ.ኤ.አ. 2011 ዲሴምበር 28 ከሆነ ማዘርቦርዱ የመጀመሪያውን ትውልድ ብቻ ይቀበላል፤ 2013 ማርች 6 ከሆነ ሁለቱንም ይቀበላል። ባዮስ ማደስ ይህን ቀን አይለውጠውም፤ ሻጭ «አፕዴት ስታደርገው ይሠራል» ቢላችሁ አትስሙት። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የዚያን ስክሪን ፎቶ አስልኩ። መመለሻ ከሌለው ግዢ በፊት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ጥያቄ አላውቅም።

ሁለቱ ፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት ሞዴል መሆን አለባቸው፤ ከተቻለ በብረት ክዳናቸው ላይ የተቀረጸውም ኮድ አንድ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ ኢ5-2670 በሁለት ኮድ ይሸጣል፦ ኤስአር0ኤች8 የመጀመሪያው ነው፣ ኤስአር0ኬኤክስ ታርሞ የወጣው። በመጀመሪያው ላይ ቪቲ-ዲ የተባለው፣ ግራፊክስ ካርድን ወይም ኔትወርክ ካርድን በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽን ለማስረከብ የሚያስፈልገው ክፍል፣ ችግር አለበት። ኬቪኤም (የሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) ለምትጠቀሙ ሰዎች ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ሁለቱም ኤስአር0ኬኤክስ ይሁኑ። ኮዱ በኪው ፊደል የሚጀምር ካያችሁ ለሙከራ የተሠራ ናሙና ነውና በነጻ ቢሰጧችሁም እለፉት።

ከመጀመሪያው ትውልድ ኢ5-2670 (8 ኮር፣ 2.6 ጊጋኸርዝ፣ 115 ዋት)፣ ከቪ2 ደግሞ ኢ5-2680 ቪ2 (10 ኮር፣ 2.8 ጊጋኸርዝ፣ 115 ዋት) ሚዛናዊ ምርጫዎች ናቸው። ሙቀትና ድምፅ የሚያሳስባችሁ ከሆነ 95 ዋት የሚወስደው ኢ5-2650 ቪ2 ጥሩ ነው። 150 ዋት የሚወስዱት ለተለየ ሂትሲንክ የታሰቡ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አልመክራቸውም።

ሂትሲንክ፣ ራም፣ መብራት

ሂትሲንኩ የዚሁ ሞዴል ይሁን፣ ከነማራገቢያው። የማራገቢያው ተሰኪ ገበያ ላይ ከምናውቀው ባለ 4 ፒን የተለየ ነው፤ ሌላ ዓይነት አስገድዶ መግጠም ቢቻልም ባዮሱ ማራገቢያ አላገኘሁም እያለ በእያንዳንዱ ማስነሻ ላይ ይቆማል። ይህ ደግሞ በርቀት ለሚተዳደር ማሽን ሞት ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ ቁልፍ የሚጫን ሰው ያስፈልጋል። ራሙ ላይ የሚያርፈውን ትልቁን የፕላስቲክ የአየር መምሪያ ሻጩ ያስቀረባችሁ ማሽን ከሆነም መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። አየሩ በሁለቱም ፕሮሰሰሮችና በራሞቹ መካከል በልክ የሚያልፈው በእሱ ነው።

ራም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዜድ820 ላይ 16 ስሎት አለ፤ 8ቱ ለአንደኛው፣ 8ቱ ለሁለተኛው ፕሮሰሰር። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ አራት የራም መስመር አለው፤ አራቱም ሲሞሉ በዲዲአር3-1600 በሰከንድ እስከ 51.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ብቻ ከሞሉ 25.6 ይሆናል። ሁለተኛው ፕሮሰሰር በጎኑ ራም ከሌለው እያንዳንዱን ባይት በኪውፒአይ ተሻግሮ ከአንደኛው ይለምናል፤ ኮሮቹን ገዝታችሁ በረሃብ ታስቀምጧቸዋላችሁ። አሁን ያላችሁ አራት ባለ 8 ጊጋባይት ከሆነ ሁለቱን ወደ ማዶ ማሻገር ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ ትክክለኛው አራት ተመሳሳይ መጨመር ነው፣ ስምንት ባለ 8 ሆኖ 64 ጊጋባይት።

ዓይነታቸውን አታደባልቁ። በራሙ ወረቀት ላይ ከ12800 ቀጥሎ ያለው ፊደል አር ከሆነ ሬጂስተርድ ነው፣ ኢ ከሆነ ቡፈር የሌለው ኢሲሲ (ስህተት የሚያርም ራም) ነው፣ ኤል ከሆነ ኤልአርዲም ነው። ሦስቱ በአንድ ማሽን አይኖሩም፤ ከተደባለቁ ስክሪኑ ጨልሞ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ ይጮኻል። ከሰርቨር የወጣውና ርካሹ አር የሚለው ስለሆነ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ መሻገር ያዋጣል። የትኛው ስሎት ቀድሞ እንደሚሞላ በማሽኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ በተለጠፈው ንድፍ ላይ ይታያል፤ ከፕሮሰሰሩ ከሚርቀው ይጀመራል።

ዜድ820 የሚሸጠው በ850 ወይም በ1125 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ሁለቱም ሁለት ባለ 115 ዋት ፕሮሰሰር ይሸከማሉ። ማነቆው ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ፕሮሰሰር 230 ዋት፣ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ 150፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ማራገቢያ 100 ገደማ ብትሉ ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 480 ይደርሳል፤ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ከግድግዳው የመብራት ሶኬት የሚሳበው ከዚያም ያልፋል። ርካሽ ዩፒኤስ ደግሞ ከተጻፈበት ቪኤ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው በዋት የሚሰጠው። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ላይ በአንድ ፕሮሰሰር ሲሠራ የነበረ ማሽን፣ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ዩፒኤሱ እየጮኸ አብሮ ይጠፋል። 1500 ቪኤ ምቹ ነው።

መግጠሙ

መጀመሪያ ባዮሱን አድሱ፣ በአንዱ ፕሮሰሰር እያለ። ዊንዶውስ አያስፈልግም፤ ፋይሉን በፋት32 በተቀረጸ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከኤፍ10 ውስጥ ማደስ ይቻላል። ከዚያ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ።

በዚህ ሶኬት ላይ ፒኖቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ነው። ክዳኑን አንስታችሁ የስልክ መብራት በጎን አብሩበት፤ ቀጥ ብለው የተሰለፉ መስመሮች ይታያሉ፤ ከመስመሩ የወጣ ካለ የታጠፈ ፒን ነው። ክፍት ሆኖ የተጓዘ ማሽን ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሁለቱ ማንሻዎች የሚከፈቱበት ቅደም ተከተል በላያቸው በምልክት ተጽፏል፤ ሲዘጋ የተገላቢጦሽ ነው። ፕሮሰሰሩን ጠርዞቹን ይዛችሁ ትሪያንግሉን ከትሪያንግሉ ጋር አስተካክላችሁ ልቀቁት፤ መግፋት ካስፈለገ አልተስተካከለም ማለት ነው።

ተርማል ፔስት መሃሉ ላይ ሽምብራ የሚያህል ይበቃል። የሂትሲንኩን አራት ብሎኖች በሰያፍ፣ እያንዳንዱን ጥቂት ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የሚያመጣው ጣጣ ሙቀት ብቻ አይደለም፦ ግፊቱ በአንድ ወገን ሲያደላ አንዳንድ ፒኖች ፕሮሰሰሩን በቅጡ ስለማይነኩ አንድ ሙሉ የራም መስመር ይጠፋል። ሰው ራሙ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ይገዛል፤ መድኃኒቱ ግን ሂትሲንኩን ፈትቶ እኩል አድርጎ መመለስ ነው።

ሊኑክስ ምን ይላል?

ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ይሠራል። ሊኑክስ ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በ2.0 ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ክፍል) ነው። ለብዙ ፕሮሰሰር ተብሎ የተለየ ከርነል የሚጫንበት ዘመን ድሮ አልፏል፤ ዛሬ የኡቡንቱም የዴቢያንም የፌዶራም ባለ 64 ቢት ከርነል ሁለተኛውን ሶኬት ራሱ ያገኘዋል፤ እንደገና መጫን አያስፈልግም። የፈቃድ ክፍያም የለም። የዊንዶውስ ሆም እትም ሁለተኛውን ሶኬት ጨርሶ እንደማይጠቀምበት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከተነሳ በኋላ ተርሚናል ላይ የኤልኤስ-ሲፒዩን ትዕዛዝ ስጡ። ሁለት ኢ5-2670 ከሆኑ ሶኬት 2፣ በሶኬት 8 ኮር፣ በኮር 2 ትሬድ (አንድ ኮር ጎን ለጎን የሚያስኬደው ሥራ)፣ ጠቅላላ 32 ሲፒዩ፣ የኑማ ኖድ (አንድ ፕሮሰሰር በጎኑ ካለው ራም ጋር) 2 ማለት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ኖድ 0 ከ0 እስከ 7 እና ከ16 እስከ 23፣ ኖድ 1 ደግሞ ከ8 እስከ 15 እና ከ24 እስከ 31 ይይዛል።

ሶኬት 1 ብቻ ካሳየ መጀመሪያ ወደ ኤፍ10 ተመለሱ። ባዮሱ ራሱ ሁለተኛውን ካላየው ሊኑክስን አትነካኩ፤ ጥፋቱ ከፒን፣ ከሞዴል ወይም ከአገጣጠም ነው። ባዮሱ አይቶት ሊኑክስ ካላየው ከርነሉ በምን ትዕዛዝ እንደተነሳ ተመልከቱ። ማሽኑን ቀድሞ የያዘ ሰው በግረብ (ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የሲፒዩ ቁጥር የሚገድብ፣ ኤስኤምፒን (ከአንድ በላይ ሲፒዩ የሚያሠራውን ክፍል) ወይም ኑማን የሚያጠፋ ቃል ትቶ ሊሆን ይችላል። ጄንቱ ላይ ወይም ራሳችሁ ባጠናቀራችሁት ከርነል ላይ ከሆነ ደግሞ ኤስኤምፒ፣ ኑማ እና ከፍተኛው የሲፒዩ ብዛት የሚሉትን ሦስት ምርጫዎች እዩ። ብዛቱ 16 ተብሎ የተወሰነ ከርነል 32 ያለውን ማሽን 16 ብቻ አድርጎ ያሳያል፣ ስህተት ብሎም አይጮኽም። ኡቡንቱ ይህን ቁጥር 8192 ስላደረገው እዚያ ጭንቀት የለም።

ሶኬት 2 ሆኖ የኑማ ኖድ 1 ብቻ ከሆነ በባዮሱ ውስጥ ራሙን በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል የሚያፈራርቀው ምርጫ በርቷል ማለት ነው፤ አጥፉት። ሲበራ ማሽኑ ይሠራል፣ ከርነሉ ግን የትኛው ራም ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚቀርብ ማወቅ ይሳነዋል። ኑማ-ሲቲኤል የተባለውን ፓኬጅ ጭናችሁ የሃርድዌር ዝርዝሩን ስታዩ የሁለቱም ኖዶች ራም ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ርቀታቸውም ለራስ 10፣ ለማዶ 20 ወይም 21 ተብሎ ይታያል። አንዱ ኖድ 32 ጊጋባይት፣ ሌላው 24 ካለ አንድ ራም አልተነበበም፤ በዲኤምአይ-ዲኮድ ትዕዛዝ የትኛው ስሎት ባዶ እንደተባለ ታገኛላችሁ።

ለዕለት ሥራ ከርነሉ ራሱ ፕሮግራሙን ከራሙ ጋር ለማቀራረብ ይሞክራል፤ አብዛኛው ሰው ከዚህ በላይ መነካካት አያስፈልገውም። ለቨርቹዋል ማሽን ግን በእጅ ማሰር ዋጋ አለው፦ 8 ሲፒዩና 24 ጊጋባይት የተሰጠውን ማሽን ሙሉ በሙሉ ኖድ 1 ላይ አስሩት፤ ራሙም ፕሮሰሰሩም ከአንድ ወገን ይሁኑ። ኑማ-ስታት ላይ ከማዶ የተሰጠ ራም ቁጥር እያሻቀበ ከሄደ ያልታሰረ ነገር አለ። ፈጣን ኔትወርክ ካርድ ያለውም ሰው ካርዱ ከየትኛው ኖድ ጋር እንደተገናኘ አይቶ ፕሮግራሙን በዚያ ወገን ያስቀምጥ። በነገራችን ላይ ከዜድ820 የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎቶች አንዳንዶቹ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከሌለ አይሠሩም፤ ሞተዋል ተብለው የተተዉ ስሎቶች በዚህ ማሻሻያ ሲነሱ ብታዩ አይግረማችሁ።

ለሰዎች ከማስረከባችሁ በፊት ፕሮሰሰሩን ሙሉ ጭነት ላይ የሚያደርገውን ስትሬስ-ኤንጂን በ32 ሲፒዩ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አስሩጡ፣ ጎን ለጎን የኤልኤም-ሴንሰርስን የሙቀት ንባብ ተከታተሉ። ሁለት ፓኬጅ፣ 0 እና 1፣ ይታያሉ። ጥቂት ዲግሪ ልዩነት ያለ ነው፤ በእኩል ጭነት ከ15 ዲግሪ በላይ ከተራራቁ ግን ሞቃቱን ፈትታችሁ ፔስቱንና ብሎኖቹን እንደገና ሥሩ። የከርነሉ መልእክት ውስጥ ሙቀት ገደብ አልፎ ፍጥነት ተቀነሰ የሚል ካለም እንዲሁ። ራስዴሞንን ጭናችሁ ለጥቂት ቀን ተዉት፤ ያገለገለ ራም ላይ ኢሲሲው ዝም ብሎ የሚያርማቸውን ስህተቶች ይመዘግባል፣ የትኛው ስሎት እንደሆነም ይናገራል።

ምን ያህል ይፈጥናል?

እጥፍ አይሆንም። አንድ ሥራ 90 በመቶው ለብዙ ኮሮች ሊከፋፈል የሚችል ከሆነ በ8 ኮር ከአንድ ኮር 4.7 ጊዜ ይፈጥናል፣ በ16 ኮር 6.4 ጊዜ። ሁለተኛው ፕሮሰሰር የጨመረው 36 በመቶ ነው ማለት ነው። ግማሹ ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ ከ1.78 ወደ 1.88 ነው፣ አይታይም። ከርነል ማጠናቀር መጨረሻ ላይ ካለው ማያያዝ በቀር በሚገባ ይከፋፈላል። የብሌንደር ምስል ማውጫ ሳይክልስ ከእጥፍ ብዙም አይርቅም። ቪዲዮ መቀየር እንደ ኮዴኩ ነው፦ አንድ ፋይል በ32 ትሬድ ከማሠራት ሁለት ፋይል በሁለቱ ኖዶች ለየብቻ አስሮ ማሠራት ይሻላል። የአንድ ጥያቄ ፍጥነት ሳይሆን የተጠቃሚዎች ብዛት የሚያሳስበው የፖስትግሬስ ዳታቤዝም ከሁለተኛው ፕሮሰሰር ጥቅም ያገኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሲፒዩ ጭነት በባር የሚያሳየውን ኤች-ቶፕ ከፍታችሁ በተለመደው ሥራችሁ መሃል ተመልከቱ። ሁሉም ባሮች ሞልተው ከቆዩ ግዙ። አንዱ ሞልቶ ሌሎቹ ከተኙ የሚያስፈልጋችሁ ከፍ ያለ ጊጋኸርዝ ነው፣ ተጨማሪ ኮር አይደለም።

ቡት ብሎኩ የ2013 ለሆነለት ሰው ሌላም መንገድ አለ፦ ያለውን አንድ ኢ5-2670 አውጥቶ በቦታው ኢ5-2697 ቪ2 ማስገባት። 12 ኮር፣ 2.7 ጊጋኸርዝ፣ 130 ዋት። አዲስ ሂትሲንክ አይፈልግም፣ አዲስ ራም አይፈልግም፣ ኑማ የሚባል ጣጣም የለውም። ከ12 ኮር በላይ በእርግጥ የማይጠቀም ሰው ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል። 128 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም የሚፈልግ ወይም ስሎቶቹን ሁሉ መሙላት ያሰበ ግን ወደ ሁለተኛው ሶኬት ይሂድ።

ዕድሜውንም አስቡበት። ይህ ትውልድ፣ ቪ2ን ጨምሮ፣ ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትዕዛዝ ስብስብ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 ያንን ስለሚጠይቅ በዜድ820 ላይ አይነሳም፤ 9ኛው እትም ይሠራል፣ አልማ ሊኑክስም 10ኛውን ለእንዲህ ያሉ አሮጌ ፕሮሰሰሮች የሚሆን ቅጂ አዘጋጅቶ ያወጣል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ይህ ችግር የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ለሆኑት ለሜልትዳውንና ለስፔክተር (የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተቶች) የተሠሩት መከላከያዎች ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ የሰው ኮድ የማይሮጥበት የግል የሬንደር ማሽን ካልሆነ በቀር ግን አታጥፏቸው፤ የኢንቴል ማይክሮኮድ ፓኬጅም ተጭኖ ይቆይ።